የቡና ገለባ ቀለምን ከውሃ ውስጥ ያስወግዳል፤ ግን መጀመሪያ የቀለምሽን ዓይነት እወቂ

እህቴ፣ ሐዋሳ ላይ የጥለት ክር የምታቀልሚበት ቤት እንዳለሽና ቀለማሙን ውሃ በቡና ገለባ ማጣራት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ይቻላል። እኔም እዚሁ ከተማ የማደርገው ይህንኑ ነው። አንቺም እንደኔ ጥጥ በጨውና በሶዳ (ሶዳ አሽ)፣ በሪአክቲቭ ቀለም፣ ማለትም ከክሩ ጋር በኬሚካል በሚጣበቀው ቀለም ነው የምታቀልሚው ብዬ ልቀጥል።

1. ገለባውን እንዳለ እንዳትጨምሪው። ራሱ ቡናማ ቀለም ይለቃል። በፈላ ውሃ ደጋግመሽ እጠቢው፣ አድርቂው፣ ፍጪው፣ ንፊው። በጣም የላመው ማጣሪያ ይደፍናል።

2. «ገለባ ሜቲሊን ብሉን (ላብራቶሪ ለሙከራ የሚጠቀምበትን ሰማያዊ ቀለም) ድራሹን ያጠፋዋል» የሚሉሽ ሰዎች አልዋሹም። ላንቺ ግን አይጠቅምሽም። ሜቲሊን ብሉ ውሃ ውስጥ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፤ ገለባው ኔጌቲቭ ስለሆነ ስቦ ይይዘዋል። የኛ ሪአክቲቭ ቀለም ግን ራሱ ኔጌቲቭ ነው። በዚያ ላይ በሶዳው ምክንያት የውሃችን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥር፤ 7 መካከለኛ ነው፣ ከዚያ በታች አሲዳማ) 11 አካባቢ ይደርሳል። ገለባው ቀለሙን ጭራሽ ይገፋዋል።

ገንዘቤን ከፍዬ ያስሞከርኩበት ላብራቶሪ ይህን አልነገረኝም። በሜቲሊን ብሉ ሞክሮ የሚያስደስት ውጤት ሰጠኝ። እኔም አምኜ ገለባ በጆንያ አስጫንኩ። ቀዩ ውሃዬ ቀይ እንደሆነ ቀረ። ተመልሼ ስጠይቅ «ገለባው ይሠራል ወይ አልክ እንጂ መች በየትኛው ቀለም አልክ?» ተባልኩ። ቀዩን ውሃዬን የያዝኩበትን ጠርሙስ ቀና ብሎ ያየው ሰው የለም። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። አንቺ ስትሄጂ የራስሽን ውሃ ይዘሽ ሂጂ። በሱ እንደሚሞክሩም በጽሑፍ አስፈርሚያቸው።

መፍትሔው አሲድ ነው። ፒኤቹ ወደ 2 ወይም 3 ሲወርድ የገለባው ገጽ ፖዘቲቭ ይሆንና ቀለሙን ይይዛል። ሶዳ ያለበት ውሃ አሲድ ሲነካው አረፋው ይገነፍላል። ስለዚህ በርሜሉን አትሙዪው፣ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሪ፣ ጓንትና መነጽር አድርጊ፣ ደጅ ላይ ሥሪ። አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ በፍጹም እንዳታፈሺ። ዛሬ ከበርሜሌ የሚወጣውን ውሃ በብርጭቆ ብትቀጂው ከወዲያ ማዶ ያለው ይታይሻል። በዚህ እኮራለሁ።

3. ቀለሙ ጠፋ ማለት ጨው ጠፋ ማለት አይደለም። ገለባ ጨው አይዝም። ሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባው ጨው እዚያው ይከማቻል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ እንኳ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው። እኛስ ለምን ቦይ ውስጥ እንደፋለን? እኔ ፒኤቹን በሶዳ ወደ 7 እመልስና ጨዋማውን ውሃ ለሚቀጥለው ማቅለሚያ እጠቀምበታለሁ። ጨው መግዣም ይቀንስልኛል። በኖራ እንዳትመልሺው፤ ካልሲየሙ ማቅለሙን ያበላሽብሻል።

ቀለም የጠጣውን ገለባ ለከብትም ለጓሮ አትክልትም እንዳትሰጪ፣ ማንም ቢለምንሽ።

አሁን ፒኤች መለኪያ ወረቀት ግዢና የውሃሽን ቁጥር ጻፊልኝ። የገለባውን መጠን ከዚያ ተነስተን እናሰላዋለን።