ለአውራው ቫይታሚን ከመግዛትሽ በፊት

ሰላም እህቴ። አራት ኪሎ ግቢሽ ውስጥ የሐበሻና የሳሶ (የውጭ ዝርያ) ድብልቅ ዶሮዎች እንዳሉሽ፣ የመፈልፈያ ማሽን ውስጥ ከከተትሽው እንቁላል ግማሹ በ7ኛው ቀን በመብራት ሲታይ ባዶ እንደሚሆንብሽ፣ መድኃኒት ቤት ደግሞ «ለአውራው ቫይታሚን ኢና ሴሊኒየም ግዢለት» እንዳሉሽ ጽፈሻል። ይሠራል ወይ ነው ጥያቄሽ። ይሠራል፤ ጎድሎት ከሆነ። እኔ ገዳም ሰፈር ጓሮዬ ውስጥ ለዓመታት ጫጩት ሳስፈለፍል ካየሁት ልንገርሽ።

መጀመሪያ እነዚያን ባዶ ያልሻቸውን ሰብረሽ እያቸው። ነጭ ሳህን ላይ አፍስሺና አስኳሉ ላይ ያለችውን ነጥብ ፈልጊ። ትንሽ፣ ድፍን ያለች፣ ጠርዟ ያልተስተካከለ ነጭ ነጥብ ብቻ ከሆነች እንቁላሉ አልዳበረም። የደም ቀለበት ወይም የተንሰራፋ ስስ ሽፋን ካየሽ ግን ዳብሮ ነበር፤ ሽሉ ነው በአጭሩ የተቀጨው። ያ የማሽን ሙቀት፣ የእንቁላል መቆየት ወይም የእናቶቹ መኖ ጣጣ ነው፤ ለአውራው ምንም ብትሰጪው ለውጥ የለውም። ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ ነው ብሩን የሚያፈሰው።

አልዳበረም እንበል። የአውራ ዶሮ የዘር ሕዋስ ሽፋን ቶሎ በኦክስጅን የሚጠቃ ዓይነት ስብ ይበዛበታል። ሲጠቃ ሕዋሱ መዋኘት ያቅተዋል፣ ሴቷ ውስጥ ወዳለው ማከማቻም አይደርስም። ቫይታሚን ኢ እዚያው ሽፋኑ ውስጥ ሆኖ ጥቃቱን ያስቆማል፤ ሴሊኒየም ደግሞ ያንኑ ጥቃት የሚከላከለው ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የሚባለው ኢንዛይም ያለ እሱ የማይሠራ ማዕድን ነው። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ቢሰጡ ይሻላል።

ግን ወደ መኖሽ እንምጣ፣ ዋናው ነገር እዚህ ነውና። አብዛኞቻችን በቆሎ፣ ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ከመርካቶ ገዝተን ራሳችን እንቀላቅላለን። ፋጉሎ ውስጥ ሁልጊዜ የተረፈ ዘይት አለ። ክረምት ላይ ጆንያው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ከከረመ ዘይቱ ይከረፋል፣ ይሻግታልም። የከረፋ ዘይት ቫይታሚን ኢን እዚያው ጆንያው ውስጥ ይጨርሰዋል፤ ውድ ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ቅይጥ) ብትቀላቅዪበትም ዶሮው ጋ የሚደርሰው ትራፊው ነው። እፍኝ አንሺና በመዳፍሽ ሞቅ እስኪል አሽተሽ ወደ አፍንጫሽ አስጠጊው። የዘይት ቀለም የመሰለ ሽታ ከሰጠሽ ጣይው። የሻገተውንም እንዲሁ፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ የአውራውንም ዘር ይጎዳል። ጆንያውን ከመሬት ከፍ አድርጊ፣ የተቀላቀለ መኖም ብዙ አታከማቺ። ጎመን ወይም አልፋልፋ ለዶሮዎቹ መስጠት ከጀመርሽ ደግሞ ቫይታሚን ኢውን በርካሽ አገኘሽ ማለት ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለወላጅ ዶሮ የተለመደው በኪሎ መኖ 100 ዩኒት (IU) አካባቢ ቫይታሚን ኢና 0.3 ሚሊግራም ሴሊኒየም ነው። ፕሪሚክስሽ ላይ ያለውን አንብቢና የጎደለውን ብቻ ሙዪ። በሴሊኒየም መቀለድ የለም፤ በኪሎ 5 ሚሊግራም ሲደርስ ሽል ይገድላል፣ ጫጩትም አካሉ ጎድሎ ይወጣል። በማንኪያ ገምቶ መኖ ላይ የሚበትን ሰው አይቻለሁ፣ እባክሽ። ቫይታሚን ሲ ዶሮ ራሱ በኩላሊቱ ይሠራል፤ ሙቀት ሲያስጨንቀው መጨመር ይጠቅመዋል፣ ግን ያ የአዳማና የድሬዳዋ ራስ ምታት ነው እንጂ የአራት ኪሎ አይደለም።

ውጤቱን በሳምንት አትጠብቂ። አንድ የዘር ሕዋስ ተሠርቶ እስኪወጣ 2 ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ሴቷም የተቀበለችውን እስከ 2 ወይም 3 ሳምንት ታከማቻለች። ስለዚህ በውሃ በጥብጦ 5 ቀን ሰጥቶ «አልሠራም» ማለት ዋጋ የለውም። ከ4 እስከ 6 ሳምንት በመኖ ስጪና ከዚያ በኋላ የተጣለውን እንቁላል ብቻ ማሽን አስገቢ።

ስንት አውራ እንዳለሽና ዕድሜያቸውን ግን አልጻፍሽም። መሃል ከተማ ጎረቤት በጩኸቱ ስለሚማረር አንድ ብቻ አስቀርተን 20 ሴት የምንለቅበት ብዙ ነን። ለ8 እስከ 10 ሴት አንድ አውራ ነው ልኩ። ያንቺም እንደዚያ ከሆነ፣ ወይም አውራው ወፍሮ ወይ እግሩን ታሞ ሴቷ ላይ መውጣት ካቃተው፣ ቫይታሚኑን ተይውና መጀመሪያ ሌላ አውራ ጨምሪ።