ጋራዥ ያለው ቀለም ለጀልባ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሰበታ ላይ የመኪና ላሜራና ቀለም ጋራዥ አለኝ። ጅቡቲ ከሚሠራው የእህቴ ባል ጋር አንዲት ባለሸራ ጀልባ በጋራ ገዛን። የሸጠልን ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንሳዊ ነው። ጀልባዋ ፋይበርግላስ ነች። በውሃው መስመር ላይ ርዝመቷ 9 ሜትር፣ ስፋቷ 3.2 ነው፤ ውሃ ውስጥ 1.7 ሜትር ትገባለች። ሆዷ ላይ ቀይ ቀለም አለ፤ ምን ዓይነት እንደሆነ አናውቅም። አረምና እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር ለብሳለች። ሐሳባችን ቅዳሜና እሑድ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ መውጣት፣ ሲመቸን ደግሞ ራቅ ማለት ነው። ጋራዤ ያለውን ጥሩ የመኪና ቀለም ልጠቀም ወይስ ሌላ ልግዛ? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ሚጥሚጣ ቀላቅልበት» አለኝ። ይቀልድ አይቀልድ እንጃ።
መ.፣ ከሰበታ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔም ገላን ተቀምጬ ስለ ባሕር የማወራ ሰው ነኝና አልስቅብህም።

የመኪናውን ቀለም እዚያው ጋራዥህ ተወው። የመኪና ቀለም ጥሩ የሚባለው ሳይነካ ሲቆይ ነው። ለጀልባ ሆድ የሚቀባው፣ አረምና እንስሳ እንዳይጣበቅ የሚከላከለው አንቲፋውሊንግ የተባለ ቀለም ግን ሥራው ውስጡ ያለውን መርዝ በትንሽ በትንሹ መልቀቅ ነው። መርዙ አብዛኛውን ጊዜ ኩፕረስ ኦክሳይድ የሚባል የመዳብ ውህድ ነው። ያ የጠጠረው ነገር ባርናክል ይባላል፤ እንስሳ ነው። ገና ያላደገው ልጁ የሚመቸውን ቦታ ሲያገኝ ይጣበቅና ቤቱን ይሠራል። የመኪና ቀለም ደግሞ በጣም ይመቸዋል።

ጓደኛህ ላይቀልድ ይችላል። ውጭ አገር የሚያቃጥል በርበሬ ቀለም ውስጥ የሚበጠብጡ ጀልበኞች አሉ። አሰብ በነበርኩበት ዘመን ደግሞ ሳምቡክ በሚባለው የእንጨት ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች ኖራና ሞራ ለውሰው ሆዱን ሲለቀልቁ አይቻለሁ። ሚጥሚጣውን ግን ለክትፎው አቆየው። ቁም ነገሩ መርዝ መኖሩ ብቻ ሳይሆን ለወራት እየተመጠነ መውጣቱ ነው። ገበሬ የሚረጨውን ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ልደባልቅ የሚልም አይጠፋም። እሱ ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚሟሟ ወዲያው ታጥቦ ይሄዳል። ኩፕረስ ኦክሳይድ የተመረጠው በውሃ እጅግ በዝግታ ስለሚሟሟ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ቀዝቃዛ አገር ብዙ ጀልባ ብርዱን መሬት ላይ ወጥቶ ያሳልፋል። ጅቡቲ ሐምሌ ላይ የባሕሩ ውሃ 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ አረሙም ባርናክሉም ዓመቱን ሙሉ ያድጋል። ቀለሙም በሙቀት መርዙን ቶሎ ይጨርሳል። ስለዚህ ለሰሜን አውሮፓ አንድ ወቅት ተብሎ የተሠራ ርካሽ ጣሳ አይበጅህም። መዳቡ የበዛውን ፈልግ።

ጠንካራ የሚባለው ዓይነት መርዙ ሲወጣ ቅርፊቱ ይቀራል። ፍተጋ ይችላል። ግን በየጊዜው ሲደራረብ ይወፍርና ይሰነጠቃል፤ ያኔ ሁሉንም መፋቅ ሊመጣ ነው። ጀልባዋ ለወራት ከውሃ ወጥታ ከቆመችም አቅሙ ይደክማል። ሌላው ሰልፍ ፖሊሺንግ የሚሉት ነው። እንደ ሳሙና ላዩ እያለቀ አዲስ ፊት ያወጣል። ለእናንተ የምመርጠው ይህንን ነው። በደንብ የሚያልቀው ግን ጀልባዋ ስትሄድ ነው። ቆማ ከሰነበተች የሚያዳልጥ አረንጓዴ ነገር ይይዛታል። ያንን ጠልቃችሁ በለስላሳ ስፖንጅ ጠረግ ማድረግ ነው፤ ከፈተጋችሁት ቀለሙን ትጨርሱታላችሁ። ሲሊኮን የሚባልም አለ፤ ፍጥነትና ብዙ ጉዞ ስለሚፈልግ ዝለለው።

ወደብ ላይ የትልቅ መርከብ ቀለም ሊያቀርቡልህ ይችላሉ። ጆቱን፣ ሄምፐልና ኢንተርናሽናል ለመርከብም ለትንሽ ጀልባም ይሠራሉ። የመርከቡ ቀለም ግን ለፍጥነት ተመጥኖ የተሠራ ነው። በ20 ኖት (የባሕር ፍጥነት መለኪያ ነው) ለሚሮጥ ኮንቴይነር ጫኝ የተሠራው በ5 ኖት በምታዘግም ሸራ ላይ እንደሚገባው አያልቅም፤ ካላለቀ ደግሞ አይሠራም። «ዝግ ብላ ለምትሄድ፣ ብዙ ለምትቆም ጀልባ የሚሆነውን ስጠኝ» በለው። «የድሮው ኃይለኛ» ብሎ ትራይቡቲልቲን የሚባል የቆርቆሮ ውህድ መርዝ ያለበት አሮጌ ጣሳ የሚያመጣ ካለ አትንካው። ፈረንሳይ አርካሾን ላይ አይስተር የሚባለውን የሚበላ የባሕር ዛጎል እርባታ ስላበላሸ እ.ኤ.አ. በ1982 በትንንሽ ጀልባዎች ላይ ከለከለችው። ዓለም አቀፉ እገዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ላይ ውሏል።

ስለ ቀዩ ቀለም መጀመሪያ ሻጩን ጠይቁት፤ አንድ መልእክት ብዙ ፍቅፋቆ ያድናችኋል። መልስ ካጣችሁ በእርጥብ ጨርቅ አሹት። ጨርቁ ከቀላ ለስላሳ፣ ማለትም እያለቀ የሚሄደው ዓይነት ነው፤ ካልቀላ ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ለስላሳ ላይ ጠንካራ አይቀባም፣ ተያይዞ ይነሳል። ጥርጣሬ ካለ የላላውን አንሱና አሮጌውን ከአዲሱ የሚለይ ፕራይመር ቀቡበት።

በአንተ የሚያሰጋኝ የጋራዥ ልማድህ ነው። ስቱኮ ይዘህ ትሄዳለህ ብዬ እገምታለሁ። የመኪናው ፖሊስተር ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ ከውሃው መስመር በታች የኢፖክሲ መሙያ ብቻ ተጠቀም። ስፕሬይ ጠመንጃውንም ሰበታ ተወው፤ ያ ጉም ሳንባ ውስጥ የሚገባ መርዝ ነው። በሮለር ይቀባል። አሮጌውን ስትፈትግ የብርጭቆ ወረቀቱን በውሃ እያራስክ፣ ማስክ አድርገህ። የመኪና ቲነር አትጨምርበት። እንዲያብረቀርቅም አትድከም፤ እዚህ የሚፈለገው ውፍረት ነው። መዳቡ ጣሳው ሥር ስለሚዘቅጥ ክንድህ እስኪዝል አማስለው። ጅቡቲ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ሮለሩ ላይ ስለሚደርቅብህ ማለዳ ጀምር። የመጀመሪያውን ዙር በሌላ ቀለም ቀባ። አንድ ቀን ያ ቀለም ብቅ ሲል መድገሚያው ደርሷል ማለት ነው። ሌላው ብረት እንዳይበላ ሆዷ ላይ የሚታሰረውን ዚንክ እንዳትቀባው። ከሞተሩ ወደ ታች የሚወርደው እግር አሉሚኒየም ከሆነ የመዳብ ቀለም ይበላዋል፤ ለእሱ ለአሉሚኒየም የሚሆን ለብቻው ይገዛል።

መጠኑን በግምት እንዲህ አስላ። ስፋቱንና ጥልቀቱን ደምረህ በርዝመቱ አባዛ፤ 9 ሲባዛ በ4.9፣ 44.1 ይሆናል። ለመካከለኛ ጀልባ በ0.75 ስታባዛው 33 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ጣሳው አንድ ሊትር 9 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ካለ፣ ለሦስት ዙር 11 ሊትር ትፈልጋለህ። 12 ግዛ፤ ትርፉ ውሃው መስመር ላይ፣ መሪው ላይና ከሆዷ ሥር ወደ ታች በሚወርደው ኪል ፊት ላይ ይደገማል፣ እዚያ ቶሎ ያልቃል።

ግዢውን እዚያው ጅቡቲ ጨርሱት። ዱባይ የሚመላለስ ዘመድ በሻንጣው ያምጣልኝ እንዳትል፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ በሻንጣ አይፈቀድም።