ነርስ ስለሆንሽ አከራይሽ «ቤቱን ልቀቂ» ላሉሽ እህቴ

ቤቱን እንዳትለቂ። ሚያዝያ 2012 በኮሮና ምክንያት የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ ደንብ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ይከለክል ነበር። ያኔ «የኮሮና ነርስ ነሽ፣ በሦስት ቀን ውጪልኝ» ማለት አይችሉም ነበር። ያ ደንብ ቢያበቃም፣ ዛሬውኑ ቀበሌ ሄደሽ አመልክቺ። ከሥራ ቦታሽም ደብዳቤ ያዢ።

ከዚያ አከራይሽን ቁጭ ብለሽ አናግሪያቸው። ጋዋንሽን ሥራ ቦታሽ አውልቀሽ፣ ታጥበሽ እንደምትመጪ ንገሪያቸው። ፍርሃት ነው የያዛቸው።

ግን በር ላይ እንዳትከራከሪ! እኔም እንዳንቺ ነርስ ሆኜ «ልቀቂ» ስባል፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን ድምፄን ከፍ አድርጌ ተከራከርኩ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። በማግስቱ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አንስተው ራቁኝ። ዞር ስል አንዷ የነካሁትን ቧንቧ በበረኪና ትፈትጋለች። አከራዬ በሳምንቱ ለዘብ አሉ። ሰፈሩ ግን እንደ ድሮው ሰላም እስኪለኝ ሁለት ወር ፈጀ።