አጎትሽ ስለ እነዚያ ሴቶች የተናገሩት

በቲያትር ተመርቀሽ ሥራ ካጣሽ ዓመት ሞላሽ። ከሼክስፒር ዘመን እስከ 1700 እንግሊዝ አገር ተውኔት የጻፉ ሴቶችን እዚያው ሄደሽ በማስተርስ ማጥናት ትፈልጊያለሽ። አጎትሽ ግን የሚከፍሉልሽ አካውንቲንግ ከተማርሽ ብቻ ነው። «እነዚያ እኮ ባል የሚያበላቸው ወይዛዝርት ነበሩ፤ አንቺን ማን ያበላሻል?» አሉሽ።

ይሄን ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። አጎትሽ ግማሽ ልክ ናቸው። ማርጋሬት ካቨንዲሽ በ1662 እና በ1668 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ተውኔቶቿን ስታሳትም ሀብታም የመኳንንት ሚስት ነበረች። ኤልዛቤት ኬሪም የትልቅ ሰው ሚስት ነበረች። በ1613 የታተመው ስለ ሄሮድስ ሚስት የጻፈችው ተውኔት በእንግሊዝኛ ከታተሙ የሴት ወጥ ተውኔቶች የመጀመሪያው ነው። ግን በ1626 ካቶሊክ መሆኗ ሲታወቅ ባሏ ቀለቧን ቆረጠ። የባል እንጀራም እንዲህ ነው፤ ለአጎትሽ ንገሪያቸው።

አፍራ ቤንን ግን ማንም አላበላትም። በ1666 ለንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ልትሰልል አንትወርፕ ሄደች። የንጉሡ ሰዎች በቂ ገንዘብ አልላኩላትም፤ በዕዳ ተዘፍቃ ተመለሰች። በ1670 የመጀመሪያ ተውኔቷ ለንደን ላይ ታየ። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ጸሐፊ ደመወዝ የለውም። ከቲያትር ቤቱ የሚደርሰው ወጪ ተቀንሶ የሦስተኛው ቀን ገቢ ነው። ተውኔቱ ሦስተኛ ቀን ካልደረሰ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ሰው ምን ሊያይ ከቤቱ እንደሚወጣ ማወቅ ግዴታዋ ነበር። «ዘ ሮቨር» የተባለው ተውኔቷ በ1677 የተሳካላትም ይህን ስላወቀች ይመስለኛል።

በላክሽልኝ የጥናት ሐሳብ ውስጥ አንድ ሰው አጣሁ። የቤንን የመጀመሪያ ተውኔት ያሳየው የቲያትር ቡድን ባለቤት ዊሊያም ዴቨናንት በ1668 ሞቶ ነበር። ልጁ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ሥራውን የያዘችው ሚስቱ ሌዲ ዴቨናንት ናት። በ1671 ዶርሴት ጋርደን የተባለው አዲስ ቲያትር ቤት የተከፈተውም በእሷ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊትም፣ ሴት በለንደን የሕዝብ መድረክ ላይ መተወን ሳይፈቀድላት፣ በር ላይ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሴቶች ነበሩ። ስለ ጸሐፊዎቹ ብዙ ተጽፏል። እኔ ብሆን ገንዘቡን የያዙትን ነው የማጠናው። (ሥራ የጀመርኩት ቲያትር ቤት ትኬት መስኮት ላይ ነው፤ ከዚያ ሂሳብ ክፍል ገባሁ። ምክሬን በዚያ ልክ አንብቢው።)

ስለዚህ የአጎትሽን ማስተርስ አትውሰጂ። አንድ አጭር የሂሳብ አያያዝ ኮርስ ይበቃሻል። ከዚያ የትኛውም ቲያትር ቤት ወይም የፕሮዳክሽን ድርጅት ግቢ፤ ትኬትም ይሁን የልምምድ ፕሮግራም ማውጣት፣ የሰጡሽን ሥሪ። ቼቪኒንግ የተባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ልምዱን በዚህ ታገኛለሽ፤ ስኮላርሺፑን ካገኘሽ የአጎትሽም ገንዘብ አያስፈልግሽም።

እናትሽ ክፈዪ ያሉሽን የወንድምሽን የኮሌጅ ክፍያ በተመለከተ፦ 22 ዓመቱ ነው፣ ጤነኛ ነው። ሥራ ይፈልግ። እናትሽ ቅር ሊላቸው ይችላል፣ ይለፍላቸዋል።

በ27 ዓመትሽ ለመማር አልረፈደም። እንግሊዝኛሽም ከደብዳቤሽ ጋር በላክሽው ጽሑፍ ስመዝነው አያሳስብም። የጥናት ሐሳቡን ግን ሌዲ ዴቨናንትን ጨምረሽ እንደገና ጻፊና ላኪልኝ።