ጥያቄና መልስ፦ ትንሽ የክርስቲያን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ መግባት

በምዝገባ ሥራ ላይ የቆየሁ መምህርት ነኝ። ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን፦ የእምነት መግለጫውን (ትምህርት ቤቱ የሚያምነውን የሚዘረዝረውን ጽሑፍ) እና የክፍያ ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ።

ጥያቄ፦ ልጄ 6 ዓመት ሊሞላት ነው። ለመግቢያ ፈተናው ምን ላስጠናት?

መልስ፦ ምንም። ፊደል መቁጠሯ ብቻ አይደለም የሚታየው። እርሳስ አያያዟ፣ ከእናቷ ተለይታ መቀመጧ፣ ሁለት ትእዛዝ አከታትላ መፈጸሟም ይታያል። «ቀዩን መጽሐፍ አንሺና ወንበሩ ላይ አስቀምጪው» ትባላለች። አንስታ ሥዕሉን ማየት ከጀመረች አልወደቀችም፤ ልጅ ናት። አጥንተው የሚመጡትን እንለያቸዋለን፤ ያልተጠየቁትን ሁሉ ይመልሳሉ። ይልቅ ዕድሜዋን አስቡበት። አንድ ክፍል ውስጥ በትልቁና በትንሹ ልጅ መካከል የዓመት ያህል ልዩነት ሊኖር ይችላል። በ6 ዓመት ይሄ ብዙ ነው። ትንሽ ትምህርት ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለየደረጃው አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው። ካልተስማማት ወዴት ትዛወራለች? አንድ ዓመት ማቆየት ውርደት አይደለም።

ጥያቄ፦ የቤተ ክርስቲያን አባል ካልሆንንስ?

መልስ፦ እንደ ትምህርት ቤቱ ነው። አንዱ የአገልጋይ ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ሌላው ሁሉንም ይቀበላል። የእምነት መግለጫውን አንብቡ።

አንድ የቡድኑ አባል፦ የማያምን ሰው ልጅ የማይቀበል ከሆነ ምኑን ክርስቲያን ሆነ?

ሌላ የቡድኑ አባል፦ ቤት ሌላ፣ ክፍል ሌላ ሲሰማ የሚወዛገበው ልጁ ነዋ!

የመጀመሪያው፦ አንተ ስትፈርም ታምን ነበር እንዴ?

መልስ፦ ኧረ በቃችሁ! ቀጣይ።

ጥያቄ፦ ፈተናው ላይ ምን ይጠየቃል?

መልስ፦ ከላይ ያለውን ሳታነቡ አትጠይቁ እባካችሁ።

ጥያቄ፦ ክፍያው ስንት ነው?

መልስ፦ የቱ ትምህርት ቤት? ስንተኛ ክፍል? የመመዝገቢያው ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ውሉን አንብቡ ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ማንበብ ይቸግረዋል። ልናገር ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ ተናገሪ እንጂ! ያለውን ወረቀት ሁሉ ይዘሽ ሂጂ። ብዙ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች የልዩ ፍላጎት መምህር የላቸውም። «እንረዳዋለን» ካሉሽ ማን፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ብለሽ ጠይቂ። መልስ ካጡ ሌላ ቦታ ፈልጊለት።

ጥያቄ፦ ተጠባባቂ ነን። ተስፋ አለን?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው የሚማር እህት ወይም ወንድም ያለው ይቀድማል። ስንተኛ እንደሆናችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በኋላ ብናስወጣው ሌላ ትምህርት ቤት ይቀበለዋል?

መልስ፦ ትምህርት ቤቱ ዕውቅና እንዳለው አሁኑኑ አጣሩ። ዕዳ ካለባችሁ ደግሞ የልጁን የትምህርት ማስረጃ ሊይዙባችሁ ይችላሉ። የት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ፤ ውሉ ላይ።