ለዚህ ምርመራ ልክፈል?

የ2024 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ለቪክተር አምብሮስና ለጋሪ ሩቭኩን ከተሰጠ ወዲህ ስለ ማይክሮአርኤንኤ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች በርክተዋል። ሁለቱ በአንዲት ሚጢጢ ትል ላይ ሠርተው በ1993 ያሳተሙት ግኝት ዛሬ የላቦራቶሪ ማስታወቂያ ማድመቂያ ሆኗል። ከደብዳቤዎቹ ጥቂቱን መርጫለሁ።

«የምሠራው ዱባይ ነው። አንድ ላቦራቶሪ በደም ውስጥ ባለ ማይክሮአርኤንኤ ማንኛውንም ካንሰር ገና ከጅምሩ እናገኛለን ይላል። እናቴ በጡት ካንሰር ነው ያረፈችው። ልክፈል?»

እህቴ፣ አትክፈዪ። ማይክሮአርኤንኤ 22 ገደማ የዘረመል ፊደል ያላት አጭር የአርኤንኤ ቁራጭ ናት፤ ሥራዋ ሴሉ የትኛውን ፕሮቲን ምን ያህል እንደሚሠራ መቆጣጠር ነው። ሴል ሲጎዳ ወይም ሲሞት ወደ ደም ትወጣለች። በፕሮቲን ታስራ ወይም በቅባት ከረጢት ተጠቅልላ ስለምትጓዝ ቶሎ አትበጣጠስም። በ2008 ተመራማሪዎች የፕሮስቴት ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ሚአር-141 («ሚአር» የማይክሮአርኤንኤ አጭር መጠሪያ ነው) ከፍ ብሎ ሲያገኙት ተስፋው ትልቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጡት ጥናቶች ብዙ ናቸው፤ ችግሩ የአንዱ ጥናት ዝርዝር ከሌላው ጋር አለመግጠሙ ነው። ለምሳሌ ሚአር-21 በብዙ ዓይነት ካንሰር ይጨምራል፤ በልብ ሕመምና ሰውነት ሲቆጣም ይጨምራል። ከፍ ብሏል ቢሉሽ ከመጨነቅ በቀር ምን ታደርጊበታለሽ?

የእናትሽ ታሪክ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ስንት ዓመቷ ላይ እንደታመመች ለሐኪም ንገሪ። ማሞግራም (የጡት ራጅ) መቼ እንደምትጀምሪና የዘር ምርመራ ያስፈልግሽ እንደሆነ በዚያ ይወሰናል። ገንዘብሽን ለእሱ አውዪው።

እውነቱን ለመናገር አንድ ለየት ያለ አለ። በወንድ የዘር ፍሬ ካንሰር ሚአር-371ኤ-3ፒ በ2019 በታተመ ትልቅ ጥናት ከ10 ታማሚዎች 9ኙን ያህል ለይቷል። ቴራቶማ የሚባለውን ዓይነት ግን ያልፈዋል። ከሁሉም ወደ ሐኪም ጠረጴዛ የቀረበው እሱ ይመስለኛል።

«የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ለማስተርስ ጥናቴ ፍሪጅ ውስጥ የቆዩ ትርፍ የደም ናሙናዎች አሉ፤ ግማሾቹ አረንጓዴ ክዳን ናቸው። ልጠቀምባቸው?»

ይህን ጥያቄ ወደድኩት፤ የዘርፉ ራስ ምታት እዚህ ላይ ነውና። አረንጓዴ ክዳን ማለት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ነው፤ ሄፓሪን ደግሞ ማይክሮአርኤንኤን አባዝቶ የሚለካውን ፒሲአርን ያሰናክላል። ሐምራዊውን፣ የኢዲቲኤውን ቱቦ ተጠቀም። ከጽኑ ሕሙማን ክፍልና ከዲያሊሲስ (ከኩላሊት እጥበት) የሚመጣው ደም በሐምራዊ ቱቦ ቢቀዳም እንኳ ታማሚው ራሱ ሄፓሪን እየተሰጠው ሊሆን ይችላልና መዝገቡን እይ።

ሁለተኛው ጠላት ሄሞሊሲስ፣ የቀይ የደም ሴል መፈንዳት፣ ነው። ቀይ የደም ሴል በሚአር-451ኤና በሚአር-16 የተሞላ ነው። ሲፈነዳ እነዚህ ወደ ፕላዝማው፣ ወደ ደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ይፈሳሉ፤ አንተም በሽታ ያገኘህ ይመስልሃል። ይባስ ብሎ ብዙዎች ሚአር-16ን ማነጻጸሪያ አድርገው ስለሚይዙት ስሌቱ ከመነሻው ይበላሻል። በዓይን ማየት አይበቃም፤ ከቀይ ሴል የፈሰሰውን ቀይ ቀለም በ414 ናኖሜትር ብርሃን ለካ፣ ሚአር-451ኤንም ከሚአር-23ኤ ጋር አወዳድር። ፕሌትሌትም (ደም የሚያረጋው ሴል) የራሱን ስለሚጨምር ፕላዝማውን ሁለት ጊዜ ሴንትሪፊውጅ አድርግ። ሴረምን (ደም ከረጋ በኋላ የሚቀረውን ፈሳሽ) እና ፕላዝማን በአንድ ጥናት አትቀላቅል። ፕላዝማው ከሴሉ ሳይለይ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ደም ከሆነ ተወው፣ አዲስ ናሙና ሰብስብ። አማካሪህ ቅር ቢላቸውም።

«እህቴ በአንዴ ብዙ ፓራሲታሞል ውጣ ሆስፒታል ስንወስዳት ጉበቷ ደህና ነው ተባለ። በማግስቱ ግን ተጎድቷል አሉን። ቀድሞ የሚናገር ምርመራ የለም?»

እግዚአብሔር ይማርልህ። የተለመደው የጉበት ምርመራ፣ ኤስጂፒቲ፣ ከፍ የሚለው ጉዳቱ ከደረሰ ከሰዓታት በኋላ ነው። ሚአር-122 ግን ከጉበት ማይክሮአርኤንኤ 70 በመቶ ያህሉ ስለሆነ ቀድሞ ደም ውስጥ ይታያል። በብሪታኒያ የተደረጉ ጥናቶች ኤስጂፒቲ ገና ልክ ሆኖ በሚአር-122 አደጋው የታወቀባቸውን ታማሚዎች አሳይተዋል። ሆኖም ሕክምናው የሚወሰነው በተወሰደበት ሰዓትና በደም ውስጥ ባለው የፓራሲታሞል መጠን ነው። ማርከሻው፣ ኤን-አሴቲልሲስቲን፣ በ8 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ጉበትን በእጅጉ ይታደጋል። ስለዚህ «ምንም አልተሰማትም» ብሎ ቤት መጠበቅ ነው አደገኛው። ስታገግምም ለምን እንደወሰደችው በፍቅር የሚያዋያት ሰው አይታጣ።

«ሩዝ ስንበላ ማይክሮአርኤንኤው ደማችን ውስጥ ይገባል ይባላል። እውነት ነው?»

በ2012 ከቻይና አንድ ጥናት እንዲህ ብሎ ነበር። ሌሎች ደግመው ሲሞክሩት የሚረባ መጠን አላገኙም። ሩዝዎን ይብሉ።

«ሜሪላንድ ነን። አባታችን ልቡ ቆሞ ከተመለሰ በኋላ አልነቃም። ሐኪሞቹ 72 ሰዓት ጠብቁ ይላሉ። በደም ቶሎ ማወቅ አይቻልም?»

ተሞክሯል። ሚአር-124-3ፒ በአንጎል ውስጥ በብዛት ያለ ነው። በአውሮፓ ልባቸው ቆሞ የተመለሰላቸው 579 ሰዎች ደም ሲመረመር በ48ኛው ሰዓት ከፍ ያለባቸው በአብዛኛው አንጎላቸው ክፉኛ የተጎዳ ሆኖ ተገኝቷል። ታዲያ «በአብዛኛው» ለአባታችሁ አይበቃም። እዚህ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ሊነቃ የሚችል ሰው ከመሣሪያ እንዲነቀል ያደርጋል። ስለዚህ ነው ሐኪሞቹ የዓይን ብሌን ምላሽን፣ ኢኢጂን (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራን)፣ የአንጎል ምስልንና ኤንኤስኢ የሚባለውን የደም ምርመራ አንድ ላይ የሚያዩት። ኤንኤስኢም ቢሆን ቀይ ሴል ሲፈነዳ በሐሰት ይጨምራል።

መጠበቁ ቸልተኝነት አይደለም። እናንተ ግን ዛሬ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የማደንዘዣ መድኃኒቱ መቼ ነው የቆመው? ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ ከደከመ መድኃኒቱ ከሰውነቱ ቶሎ አይወጣም፤ 72 ሰዓቱ ያኔ ሊረዝም ይገባል።