ባለጨው የውሃ ማለስለሻ ወይስ ኤሌክትሮኒክ? ለዘንዘልማው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። ዘንዘልማ ላይ በምትሠራው ቤት የራስህን ጉድጓድ እንዳስቆፈርክ፣ ውሃው ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት እንደሚሠራ ጽፈሃል። ሻጩ ጨው የማይፈልገውን፣ ቧንቧ ላይ የሚጠመጠመውን ኤሌክትሮኒክ ውሰድ እያለህ ነው፤ አንተ ደግሞ ከባለጨው ማለስለሻ የቱ ይሻላል ብለህ ትጠይቃለህ። ሁለቱንም ገዝቻለሁና ያየሁትን ልንገርህ። እዚሁ ባሕር ዳር 12 ክፍል ያላት ፔንሲዮን አለችኝ፤ ውሃዋ የግቢ ጉድጓድ ነው። ላቦራቶሪ ሳስለካው ጥንካሬው፣ ማለትም ኖራ የሚሠራው ማዕድን መጠን፣ በሊትር 260 ሚሊግራም ወጣ። ከ180 በላይ የሆነ በጣም ጠንካራ ይባላል።

መጀመሪያ የገዛሁት ኤሌክትሮኒኩን ነው። ትንሽ ሳጥን ናት፤ ሽቦዋ ዋናው ቧንቧ ላይ ይጠመጠምና ሶኬት ላይ ትሰካለች። ቧንቧ አይቆረጥ፣ ጨው አይገዛ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ሻጩ «በ3 ወር የቦይለርሽ ቅርፊት ራሱ ይረግፋል» አለኝ። ከማስገጠሜ በፊት የአንዱን ቦይለር ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት) አስፈትቼ እስኪያብረቀርቅ አስጸዳሁት። ከ8 ወር በኋላ እንደገና ሳስፈታው የእንቁላል ቅርፊት የሚመስል ነገር ዙሪያውን ወርሶታል። ውፍረቱ ከድሮው አልተለየም። ፍርፋሪውን አቼቶ ውስጥ ስጨምረው ተንፈቀፈቀ፤ ያው ኖራው ነው።

መሣሪያው ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ከውሃው አያወጣም። የሚባልለት ኖራው ብረት ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል ነው። በዚህ ላይ የተሠሩ ሙከራዎች ውጤታቸው የተለያየ ነው፤ ቅርፊት ቀነሰ ያሉም አሉ፣ ምንም ለውጥ አላየንም ያሉም አሉ። በእኔ ቦይለር ላይ አልሠራም። የሳሙናው ነገር ግን አያከራክርም፦ ካልሲየሙ እዚያው እስካለ ድረስ ውሃው ሳሙና አይቀበልም። ራስህ ሞክረው። አንድ ጠርሙስ ላይ የጉድጓድህን ውሃ፣ ሌላው ላይ የዝናብ ውሃ አድርግ፤ ከደረቅ የልብስ ሳሙና እኩል ፈቅፍቀህ ጨምርና ናጠው። የዝናቡ አፉ ድረስ አረፋ ይሞላል፤ የጉድጓዱ ነጭ እርጎ መሳይ ዝቃጭ ይሠራል። እናቴ ክረምት በመጣ ቁጥር ለጸጉሯ የቆርቆሮ ውሃ የምታጠራቅመው ለዚህ ነበር። የእኔም አንሶላዎች በዚያ ውሃ እየታጠቡ ግራጫ ሆነው፣ ሲደርቁ እንደ ካርቶን ይገተሩ ነበር።

ባለጨውን ያስገባሁት አንሶላዎቹ አንገብግበውኝ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ሬዚን የሚባሉ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ፤ ካልሲየምና ማግኒዥየሙን ይዘው ሶዲየም ይለቃሉ። ሲጠግቡ የጨው ውሃ ያልፍባቸውና የያዙትን ይተፋሉ፤ ከዚያ እንደገና ይሠራሉ። የእኔው 25 ሊትር ሬዚን አለው፤ በዚህ ውሃ ወደ 4,000 ሊትር ካለሰለሰ በኋላ 3 ኪሎ ገደማ ጨው ይበላል። ወደ ልብስ ማጠቢያና ወደ ቦይለሮቹ የሚሄደውን መስመር ብቻ ስለማለሰልስ በ3 ቀን አንዴ ነው፤ በወር 30 ኪሎ ጨው ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የልብስ አጣቢዬ «ሳሙናው አልታጠብ አለኝ» ብላ መጣች። የለመደችውን ያህል ሳሙና ስለጨመረች ነበር፤ አሁን ግማሹን ነው የምትጠቀመው።

ችግር ግን አላጣሁም፤ ሁለት ጊዜ ከስሬበታለሁ። አንደኛው ግፊት ነው። ሮቶዬ ከማሽኑ 6 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ብቻ ስለሚሰጥ 0.6 ባር ነበር የሚደርሰው። ማሽኑ ደግሞ ራሱን ለማጠብ ወደ 2 ባር ይፈልጋል። ጨዉን መሳብ አቅቶት ለሳምንታት ጠንካራ ውሃ ሲያሳልፍ ቆይቶ ነው የነቃሁት። ትንሽ ፓምፕ ማስገባት ግድ ሆነ። የሸጠልኝ ሰው ይህን አልጠየቀኝም፤ አንተ ቀድመህ ጠይቅ። ሁለተኛው ጨዉ ነው። በጆንያ የሚሸጠው የአፋር ጥሬ ጨው ርካሽ ነው፤ ግን አፈር አለበት፣ አፈሩም የጨው መሳቢያዋን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። እኔ በባልዲ አሟሟዋለሁ፣ አሳድረዋለሁ፣ በአሮጌ ነጠላ አጥልዬ ነው የምጨምረው። ነጠላው ላይ የሚቀረውን ጭቃ ብታየው ታዝናለህ።

የታጠበበትን ጨዋማ ውሃ ማንጎ ሥር እንዳትለቀው። አንዱን ዛፌን ቅጠሉን ከጫፉ አሳርሮ አድርቆብኛል። ወደ ጣና በሚወርድ ቦይም አይሁን፤ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድህ አስገባው።

ያልኩህ ሁሉ ለጉድጓድ ውሃ ነው። ሐይቁ ዳር ሆነው ከጣና ለሚስቡ ችግሩ ደለል እንጂ ኖራ አይደለም፤ ለእነሱ ማጣሪያ እንጂ ማለስለሻ አይረዳቸውም። ማለስለሻ ጀርምም ፍሎራይድም አያወጣም፤ የመጠጡን ውሃ ለብቻው አስመርምር።

ስለዚህ ጭንቀትህ ማንቆርቆሪያው ብቻ ከሆነ ሁለቱንም አትግዛ፤ ቅርፊቱ ለጤና አይጎዳም፣ አቼቶ ወይም የሎሚ ጨው ያነሳዋል። ቦይለሩንም 60 ዲግሪ ላይ ብታቆመው ኖራው ይቀንሳል፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ነው የሚጋገረው። ቤተሰቡ ብዙ፣ ልብስም በማሽን የሚታጠብ ከሆነ ግን ባለጨውን ያዝ።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። ግድግዳው ሴራሚክ ሳይለብስ፣ ቧንቧ ሠራተኛው ለማድ ቤት ያልለሰለሰ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያመጣ የራሱ መስመር ይዘርጋልህ። በእኔ ውሃ ማለስለሻው በሊትር ወደ 120 ሚሊግራም ሶዲየም ይጨምራል፤ የደም ግፊት ላለበት ሰው ቀላል አይደለም። እኔ ይህን የሰማሁት ግድግዳው ካለቀ በኋላ ስለነበር ሦስት ሜትር ሴራሚክ አስፈርሻለሁ።